እምቢ ያለ እድፍ፦ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት በመሃል አዲስ አበባ

በመሃል አዲስ አበባ የቤት ጽዳት ከውሃ ይጀምራል። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ ብዙ ቤት ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶውም ጀሪካኑም ይሞላል። እድፉ ግን ፈረቃ አይጠብቅም፤ ባለበት ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ያኔ ሰው ሽቦ ያነሳና ይፈትጋል። ሲንኩ ይቧጨራል፣ ጭረቱ ደግሞ የባሰ ቆሻሻ ይይዛል። የሚሻለው እድፉ ከምን እንደመጣ ማወቅ፣ የሚፈታውን ነገር ማድረግና ጊዜ መስጠት ነው።

ከተማዋ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂ በኩል ካሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲፈላ ወይም ሲደርቅ ማዕድኑ ይቀራል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ የሻወሩን ቀዳዳ የሚደፍነው፣ ሽንት ቤቱ ላይ ቀለበት የሚሠራው እሱ ነው። ኦሞና ላርጎ አይነኩትም። የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ ለዚያ ሎሚና አቼቶ ይበቃሉ።

ማንቆርቆሪያውን በሎሚ ውሃ አፍልቶ አንድ ሰዓት ያህል መተው፣ ከዚያ አለቅልቆ አንዴ ንጹህ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው። ለሻወሩ አቼቶ ፌስታል ውስጥ አድርጎ፣ ቀዳዳዎቹ እንዲነከሩ አስሮ ማሳደር። ሽንት ቤቱ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ከውስጥ ያለው ውሃ አቼቶውን ያቀጥነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይቀዳ፤ ከዚያ አቼቶ የጠጣ ሶፍት ቀለበቱ ላይ ተለጥፎ ይደር። ጠዋት ሶፍቱን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ በብሩሽ ማሸት ነው። የቆየ ቀለበት ሁለትና ሦስት ሌሊት ሊፈልግ ይችላል። በአሮጌ የብረት ቧንቧ የሚመጣው ቡናማ የዝገት እድፍም በሎሚ ይለቃል። በረኪና ግን ዝገትን ያባብሰዋል።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ዘይት ነው። ከምድጃው ጀርባ ሴራሚክ ላይ የተረጨ ዘይት ሙቀት ሲደጋገምበት እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። እዚህ አሲድ አያዋጣም። ሙቅ ውሃ፣ ላርጎና ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። በላርጎ ውሃ የራሰ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ያህል ለጥፎ ከዚያ ማበስ ከመፈተግ ይበልጣል። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ የኖሩት ያለ ነገር አይደለም። አመድ ውሃ ሲነካው ቅባት የሚቆርጥ ኃይል አለው። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ መደባለቅ ግን ብክነት ነው። አረፋው ያምራል፤ ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው።

ቁሌት ያረረበት ድስት ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ተደርጎበት ለትንሽ ጊዜ ቢንተከተክ ቃጠሎው ይላቀቃል። የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ ግን ሶዳ ያጠቁረዋል፤ ለእሱ የሎሚ ውሃ ማፍላት ይሻላል። እርድና በርበሬ ቢጫና ቀይ ያደረጉት የፕላስቲክ ዕቃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ቀለሙን ፀሐይ ራሷ ታነጣዋለች።

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋናው ጉዳይ ሻጋታ ነው። መስኮት የሌለው የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት በክረምት አይደርቅም። የሴራሚኩ መጋጠሚያ ይጠቁራል። እዚህ በረኪና ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ ቦታው በሳሙና መታጠብ አለበት። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ በርዞ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ትቶ ማለቅለቅ ነው። ብርሃንና ሙቀት ያደክሙታል፤ ስለዚህ የቆየ ጠርሙስ ብዙ አይታመንም። ከብረት ሲንክ ላይም ቶሎ ይታጠብ፤ ሲቆይ ብረቱን ይበሳዋል።

አሁን የምጽፈውን ማንም እንዳያልፈው እፈልጋለሁ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ሳንባ ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ሽታው ከተነሳ ሥራውን ጥሎ ወዲያው መውጣትና ንጹህ አየር ማግኘት ያስፈልጋል። ሳሉ ወይም የትንፋሽ እጥረቱ ካልተወ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በብዙ ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው ሠራተኛዋ ናት፤ ብዙ ጊዜም ምን ከምን እንደማይቀላቀል የነገራት የለም። መንገርም፣ ጓንት መግዛትም የአሠሪው ግዴታ ነው። በረኪናን በሃይላንድ ማስቀመጥም ይቅር። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሲድ የማይወዱ ወለሎችም አሉ። እብነ በረድ፣ ሊሾና ቴራዞ ካልሲየም ስላላቸው ሎሚም ሆነ አቼቶ ይበላቸዋል፤ ማብረቃቸው ይጠፋል። ለእነሱ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ላርጎ በቂ ነው።

የተዘጋ ሲንክ አብዛኛውን ጊዜ የቡና አተላ፣ የረጋ ዘይትና ፍርፋሪ ነው። ኬሚካል ከመድፋት በፊት ባልዲ ከስር አድርጎ የታጠፈውን ቧንቧ መፍታትና ማጠብ ይቀድማል። ምንም ሳይዘጋ የሚሸት መታጠቢያ ቤትም አለ። ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ ውስጥ የሚቆመው ውሃ ይተናል፤ የፍሳሹን አየር የሚያግደው እሱ ነበር። ከጀሪካኑ ሁለት ጆግ ውሃ ሲደፋበት ሽታው ይቆማል።