ካልሞዱሊን ምንድን ነው? አንጎል ሲያረጅስ ምን ይሆናል?

ካልሞዱሊን በሴል ውስጥ የካልሲየም መጠን ከፍ ማለቱን ለሌሎች ፕሮቲኖች የሚያደርስ ትንሽ ፕሮቲን ነው። 148 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) እና ካልሲየም የሚይዝባቸው አራት ኪሶች አሉት፤ ሁለቱ በአንድ ጫፍ፣ ሁለቱ በሌላው።

የነርቭ ሴል ሲያርፍ በውስጡ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭው ከ10,000 እጥፍ በላይ ያንሳል። ምልክት ሲደርስ ግን በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉት የካልሲየም በሮች ተከፍተው ካልሲየም ይጎርፋል። ካልሞዱሊን ኪሶቹ ሲሞሉ ቅርጹን ይለውጣል፤ ተሸሽገው የነበሩ፣ ውኃን የሚሸሹ አሚኖ አሲዶቹ ይገለጣሉ። በእነርሱም ሌሎች ፕሮቲኖችን ይጨብጣል።

ከሚጨብጣቸው አንዱ በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው የካልሲየም ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ በራሱ ጭራ የተዘጋ ነው። ካልሞዱሊን ጭራውን ሲያነሳለት በፍጥነት መሥራት ይጀምራል፤ ለእያንዳንዱ ለሚያስወጣው ካልሲየም አንድ ኤቲፒ (የሴሉ የኃይል ምንጭ የሆነ ሞለኪውል) ያቃጥላል። እንግዲህ የገባው ካልሲየም ራሱ፣ ራሱን የሚያስወጣውን ፓምፕ ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ውብ አሠራር ነው፤ በእርጅና የሚላላውም እዚሁ ላይ ነው።

ካልሞዱሊን ካሉት አሚኖ አሲዶች ዘጠኙ ሜቲዮኒን የሚባሉት ናቸው፤ ጭበጣው በአብዛኛው በእነርሱ ነው። ሜቲዮኒን ግን ሰልፈር ስላለው በቀላሉ ኦክስጅን ይጣበቅበታል። ያን ጊዜ ውኃ ወዳድ ይሆንና ጭበጣው ይበላሻል። ካረጁ አይጦች አንጎል በተወሰደ ካልሞዱሊን ላይ በርካታ ሜቲዮኒኖች እንዲህ ተለውጠው ተገኝተዋል። በተለይ በሰንሰለቱ 144ኛ ወይም 145ኛ ቦታ ላይ ያለው ሜቲዮኒን ሲነካ ጉዳቱ ይከፋል፦ ፕሮቲኑ ፓምፑን ይይዘዋል እንጂ አያስነሳውም፣ ቦታውንም ለጤነኛው አይለቅም። ይህን ጉዳት የሚጠግን ኢንዛይም አለ፤ እርሱም ባረጁ አይጦች አንጎል ቀንሶ ታይቷል።

በቤተ ሙከራ ይህን ለማየት የካልሞዱሊንን ብዛት መለካት አይበቃም፤ ብዛቱ ሳይጓደል ሥራው ሊጓደል ይችላል። የፓምፑን ፍጥነት መለካት፣ አልያም የካልሞዱሊኑን ክብደት መመዘን ያስፈልጋል፤ የተጣበቀ አንድ ኦክስጅን 16 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ይጨምራል። ናሙናው ሲዘጋጅም በሜቲዮኒን ላይ ከአየር ኦክስጅን ሊጣበቅ ስለሚችል፣ ከወጣት እንስሳ የተወሰደ ናሙና ጎን ለጎን በዚያው መንገድ ካልተዘጋጀ ውጤቱ ያሳስታል።

ካልሲየም ቶሎ ሳይጠራ ሲቀር በሂፖካምፐስ (ለመማርና ለማስታወስ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ሴሎች ላይ ውጤቱ ይታያል። በካልሲየም የሚከፈቱት የፖታሲየም በሮች ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይሆናሉ፤ ሴሉ አንዴ ከተኮሰ (ምልክት ከላከ) በኋላ ዝምታው ስለሚረዝም ተከታዩ ምልክት ያመልጠዋል። ለዚህ ካልሞዱሊን ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ በእርጅና ኤል የሚባሉት የካልሲየም በሮችም ብዙ ካልሲየም ያስገባሉ። እነዚህን በሮች የሚዘጋው ኒሞዲፒን የተባለ መድኃኒት ባረጁ ጥንቸሎች ላይ ዝምታውን አሳጥሮ መማራቸውን አሻሽሏል። ይህ ግን ለሰው እርጅና መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም።

ወተት ወይም የካልሲየም ክኒንስ? የደም ካልሲየም በሆርሞን ቁጥጥር በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም አካባቢ ተጠብቆ ይኖራል። እዚህ የተነገረው በሴሉ ውስጥ ስላለው አያያዝ ነውና፣ ሐኪም ለአጥንት ያዘዘውን ክኒን በዚህ ምክንያት ማቋረጥ አይገባም።