በኤክሴል ፋይል ውስጥ ቀንና ሰዓትን በኮድ መለየት፦ የባሕር ዳርና የጣና ዳር መዝገቦች

የጀልባ ጉዞ፣ የሆቴል እንግዳ፣ የዓሣ ሽያጭ፣ የጣና ውኃ ከፍታ፦ በባሕር ዳር እንዲህ ያለ መዝገብ በኤክሴል ተይዞ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ ኮዱ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። ይህ ሴል ቀን ነው ወይ? ቀን ከሆነስ በየትኛው አቆጣጠር? የመጀመሪያውን መልሶ መቆም የተለመደ ነው፤ መረጃ የሚያበላሸው ግን ሁለተኛው ነው።

ኤክሴል ለቀን በሴሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ቁጥር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 አንድ ተብሎ በየቀኑ አንድ ይጨመራል፤ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ክፍልፋይ ስለሆነ እኩለ ቀን 0.5 ነው። 45311 የብር ድምር ሊሆን ይችላል፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 2024ም ሊሆን ይችላል። የሚለየው የሴሉ ፎርማት ነው።

ኤክስኤልኤስኤክስ የተባለው የኤክሴል ፋይል ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ጥቅል ነው። ውስጡ ባለው የሺት ፋይል እያንዳንዱ ሴል የስታይል ቁጥር ይይዛል፤ በዚያ ቁጥር ስታይልስ የተባለው ፋይል ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር የፎርማቱ መለያ ይገኛል። መለያው ከ14 እስከ 22 ወይም ከ45 እስከ 47 ከሆነ ቀን ወይም ሰዓት ነው። ከ164 ጀምሮ ያሉት ተጠቃሚ የሠራቸው ስለሆኑ ጽሑፋቸው ይነበባል። አስቀድሞ በጥቅስ ውስጥ ያለው ቃል፣ የቀለምና የቋንቋ ቅንፎችም ይወገዳሉ፤ አለዚያ «ሬድ» የሚለው የቀለም ስም መጨረሻ ያለው ዲ ፊደል ገንዘቡን ቀን ያስመስለዋል። ከዚያ በኋላ ዋይ፣ ኤም፣ ዲ፣ ኤች ወይም ኤስ ከተረፈ ቀን ወይም ሰዓት ነው። ኤም ከኤች ቀጥሎ ወይም ከኤስ በፊት ሲመጣ ደቂቃ፣ በሌላው ቦታ ወር ነው። በማዕዘን ቅንፍ ያለ ኤች ግን አይነካም፤ እንደ ጀልባ ሞተር የሥራ ሰዓት ከ24 የሚያልፍ ድምር ማለት ነው። በፓይተን ኦፕንፓይኤክስኤል፣ በጃቫ አፓቺ ፒኦአይ የተባሉት ላይብረሪዎች ይህን ማጣሪያ አብረው ይዘው ይመጣሉ።

ሁለት የቆዩ ወጥመዶችም አሉ። ኤክሴል በእውኑ ያልነበረውን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ቁጥር 60 አድርጎ ይቆጥራል። በዚፑ ውስጥ ባለው ወርክቡክ ፋይል ከ1900 ይልቅ ከ1904 የሚጀምረው አቆጣጠር ከበራ ደግሞ በእያንዳንዱ ቀን ላይ 1462 መደመር ያስፈልጋል።

የእኛ አገር ችግር ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ጥር 11፣ በ11/05/2016 ተጻፈ እንበል። ኤክሴል ምንም ሳይል ይቀበለዋል። ቀን ከወር በሚቀድምበት የኮምፒውተር ሴቲንግ ሜይ 11 ብሎ 42501 ያስቀምጣል፤ በአሜሪካ ሴቲንግ ኖቬምበር 5 ብሎ 42679። ትክክለኛው 45311 ነበር። ፎርማቱ የቀን ስለሆነ ላይብረሪው «ቀን ነው» ይላል፤ ስምንት ዓመት ገደማ የተሳሳተ ቀን።

ምልክቱ ግን አይጠፋም። በዓምዱ 31 የሚባል ቀን የለም። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02፣ ፌብሩዋሪ ስለማይቀበለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጳጉሜንም በቀን ቀዳሚው ሴቲንግ ጽሑፍ ነው፤ በአሜሪካው ግን 05/13/2016 ሜይ 13 ይሆናል። በአሜሪካው ከ12 በላይ የሆኑ ቀኖች በሙሉ ጽሑፍ ስለሚሆኑ ከጳጉሜን በቀር ከየወሩ ቁጥር የሚሆኑት የመጀመሪያዎቹ 12 ቀኖች ብቻ ናቸው።

ማረሚያው የተቀመጠውን ቁጥር በዚያው ሴቲንግ ወደ ቀንና ወር መልሶ መበተን ነው። 42679 ኖቬምበር 5 ከሆነ፣ 11ን ቀን፣ 5ን ወር ማድረግ። ከዚያ፦ ዓመቱ በ365 ተባዝቶ፣ ሲደመር ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ያለ ቀሪ፣ ሲደመር ወሩ በ30 ተባዝቶ፣ ሲደመር ቀኑ፣ ሲቀነስ 691194። ለጥር 11 ቀን 2016፦ 735840 + 504 + 150 + 11 − 691194 = 45311። ጳጉሜን 13ኛ ወር ሆና ያለ ልዩ ሕግ ትገባለች።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ወደ ዘጌ ጠዋት 1:00 የሚነሣ ጀልባ በሴሉ 0.0417 ነው፤ 0.25 ሲጨመርበት 7:00 ይሆናል። ለማታና ለሌሊት የሚጨመረው 0.75 ነው፤ ውጤቱ 1 ከደረሰ ወይም ካለፈ የፈረንጁ ቀን ተቀይሯል። 12:00 አስቀድሞ ዜሮ መሆን አለበት፤ አለዚያ የጠዋቱ 12:00 ምሽት ላይ ያርፋል። ጠዋት ወይም ማታ የሚል ዓምድ ከሌለ ኮዱ አይገምት፤ ረድፉን ለይቶ ለመዝጋቢው ይመልስ።

ሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ የተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ የሴል ፎርማት አይዝም፤ ዋናውን ፋይል መጠየቅ ይሻላል።

የውኃ ከፍታ መዝገብ ራሱን የሚያጋልጥበት መንገድ አለው። ጣና ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ይላል። ከተነበበው ዓምድ የተሠራው ግራፍ ሐይቁን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ሞልቶ ካሳየ፣ መስከረም «ወር 1» ተብሎ ጃንዋሪ ሆኗል፤ መለኪያውን ከመጠራጠር በፊት የቀኑን ዓምድ ከላይ ባለው ቀመር እንደገና ማስላት ይገባል።