የጤናው ዘርፍ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ዕቅድ ምንድን ነው?

ወባ የቆላ በሽታ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቀበሌዎች ዛሬም አጎበር ብዙም አይታደልም። ምክንያት አለው። የወባ ተውሳክ ትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድገው በሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያልሞላ ጊዜ ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ ግን አራት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ ይህን ያህል አይኖሩም። ከ18 ዲግሪ በታች ሲሆንማ ዋናው ገዳይ ዝርያ፣ ፋልሲፓረም፣ እድገቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ደጋውን ሲጠብቅ የኖረው ብርዱ ነው።

ብርዱ ሲላላስ? በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የደብረ ዘይት አካባቢን የወባ መዝገብ መርምሮ ነበር። ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። የደጋ ሰው ሰውነት ደግሞ ወባን ስለማያውቀው ሲይዘው ይከፋበታል። በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተገጣጥሞ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ቦታዎች ወረርሽኝ ተነሳ። 3 ሚሊዮን ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ትልልቆቹ «ወባ ማጥፊያ» የሚሉት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በዓመቱ ነው።

የመላመድ ዕቅድ የሚወጣው እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ለመያዝ ነው። የፋብሪካና የመኪና ጭስ መቀነስ ሌላ ሥራ ነው። ይሄኛው ሙቀቱ፣ ጎርፉና ድርቁ እንደሚመጣ ተቀብሎ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይወስናል። የትኛው በሽታ ወዴት ይሄዳል? የትኛው ጤና ጣቢያ ጎርፍ ይደርስበታል? መድኃኒቱ መንገድ ሳይቆረጥ የት ይቀመጥ? ኢትዮጵያ ብሔራዊ የመላመድ ዕቅዷን በ2019 አውጥታለች፤ ጤና ሚኒስቴርም ለዘርፉ የራሱን አዘጋጅቷል። የሕንዷ አህመዳባድ ከተማም በ2010 ከባድ ሙቀት ብዙ ሰው ከገደለባት በኋላ፣ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አውጥታ ለሌሎች ከተሞች ምሳሌ ሆናለች።

ወደ ወባው እንመለስ። ዕቅዱ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል እሱ ያሳያል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የወባ ታማሚን ቁጥር በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። በአገሪቱ የወባ መመሪያ መሠረት ያ ቁጥር ካለፉት አምስት ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ጋር ይነጻጸራል። እንበል በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በአምስቱ ዓመታት 4፣ 7፣ 9፣ 12 እና 60 ሰው ታሟል። ገደቡ ሁለተኛው ትልቁ ቁጥር፣ 12 ነው። 60ው ይተዋል፤ ያ ዓመት ራሱ ወረርሽኝ ሳይሆን አይቀርማ! ዘንድሮ 15 ከመጣ ወረዳው ቶሎ መድረስ አለበት። እርሳስና ማስመሪያ ብቻ የሚፈልግ ነገር ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ችግሩ ይህ ገደብ የሚጮኸው ሰው ከታመመ በኋላ መሆኑ ነው። ዝናቡና ሙቀቱ ግን ከወባው አንድ ሁለት ወር ቀድመው ይታያሉ። ክረምቱ ይገባል፣ ውኃ ያቁራል፣ ትንኙ ይራባል። ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ለአማራ ክልል «ኤፒዴሚያ» የተባለ ሥርዓት የተሠራው ለዚህ ነበር፤ የሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃን ከወረዳዎች ሳምንታዊ ሪፖርት ጋር አዋህዶ የሚቀጥሉትን ሳምንታት ወባ እንዲተነብይ። ትንበያው በሚሰጠው ጊዜ ኳርተም የተባለው የወባ መድኃኒትና መመርመሪያ ወደ ጤና ኬላው ሊደርስ፣ የትንኝ ማጥፊያ ርጭትም ሊካሄድ ይችላል። ትንበያው ሲደርስ በጀቱን ማን እንደሚለቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ ግን ደብዳቤ ሲጻጻፉ ወባው ይቀድማቸዋል።

ደግሞ ዝናብ ዝናቡን ብቻ ያየ ይሸወዳል። ስቴፈንሳይ የተባለች ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይቺ ከተሜ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ቦታ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። ድርቅ ሲመጣ ወይም ቧንቧ ሲጠፋ ሰው ውኃ ያጠራቅማል፣ ለእሷ ሠርግና ምላሽ ይሆንላታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የተነሳው ወባ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ላለ ከተማ የሚወጣ ዕቅድ የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱንም ሆነ የሮቶ ክዳንን መመልከት አለበት።

በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከግማሽ በላዩ ከኦሮሚያና ከአማራ ነው። ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ አይቻልም። ግጭት ባለበት ወረዳ ርጭት ይስተጓጎላል፣ መድኃኒት በጊዜ አይደርስም፣ ሳምንታዊው ሪፖርትም ይቆራረጣል። ሪፖርቱ ከሌለ ደግሞ ሳተላይቱ ብቻውን የትኛው ቀበሌ እንደታመመ አይነግረንም።