የኩባንያ አቋም ምንድን ነው? «ተናገሩ!» ብሎ መጫንስ መቼ ነው ተገቢ?

ካሮላይን ሃንተር ኬሚስት ናት። ኬን ዊሊያምስ ደግሞ የፎቶግራፍ ባለሙያ። ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። የሚሠሩትም ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ፖላሮይድ በተባለው የካሜራ ኩባንያ ነው። በ1970 አንድ ቀን መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ አንድ የመታወቂያ ናሙና ያያሉ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ናሙናው ላይ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሥሪያ ቤት ስም ሰፍሯል። ደነገጡ። ኩባንያችን እዚያ አገር ምን ይሠራል ብለው ማጠያየቅ ጀመሩ።

ጊዜው የአፓርታይድ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ጥቁር ሁሉ የይለፍ ደብተር መያዝ አለበት። ሳይዝ የተገኘ ይታሰራል። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ይህን ደብተር ተቃውሞ የወጣ ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩሶ፣ በይፋ እንደተመዘገበው 69 ሰው ገድሏል። ደብተሩ ደግሞ ያለ ፎቶ አይሠራም። የፖላሮይድ ካሜራ ፎቶውን እዚያው በደቂቃ ውስጥ ያወጣል። ሰውን አሰልፎ ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልነበረም።

ሃንተርና ዊሊያምስ ሌሎች ሠራተኞችን ይዘው ኩባንያውን ሦስት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፣ ከደቡብ አፍሪካ ውጣ። ሁለተኛ፣ በአፓርታይድ ላይ ያለህን አቋም በአደባባይ ተናገር። ሦስተኛ፣ እዚያ ያገኘኸውን ትርፍ ለነፃነት ንቅናቄዎቹ ስጥ። ዛሬ የኩባንያ አቋም የምንለው ነገር ሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ አለ።

አንድ ኩባንያ ከሚሸጠው ዕቃ አልፎ በሕግ፣ በጦርነት፣ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በምርጫ ጉዳይ በስሙ ወገን ሲይዝ አቋም ወሰደ ይባላል። መግለጫ ሊያወጣ ይችላል። ማስታወቂያ ሊያሠራ፣ ሎጎውን ሊቀይር፣ ስፖንሰርነቱን ሊያቋርጥም ይችላል። ብዙ ሰው ይህን «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ከሚባለው ጋር ያምታታዋል። ልዩነቱ ግን ቀላል ነው። ባንክ ችግኝ ቢተክል ወይም ትምህርት ቤት ቢያሠራ የሚቆጣ የለም። አቋም ግን ተቃዋሚ አለው። ገና ሲነገር ከፊሉ ደንበኛ ያጨበጭባል፣ ከፊሉ ይቀየማል።

ታዲያ ኩባንያን «ተናገር» ብሎ መጫን ተገቢ ነው? ሃንተርና ዊሊያምስ ናሙናውን ከማየታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 1970፣ ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ አይደለም የሚል መልስ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው። ሥራ አስኪያጅ የባለአክሲዮኖች ቅጥረኛ ነው። በእነሱ ገንዘብ ማኅበራዊ ዓላማ ሲያራምድ፣ ማንም ሳይመርጠው ግብር ሰብስቦ እንደሚያወጣ ሰው ይሆናል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ያልተመረጠ ባለሀብት የአገርን ጉዳይ እንዲወስን እኔም አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። ኩባንያው ከጉዳዩ ውጭ እንደቆመ አድርጎ ያስባል። ፖላሮይድ ውጭ አልነበረም። ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ የእሱ ፊልም ነው። እጁ አለበት።

እጁ ያለበት ሰው «እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ማለት አይችልም። ገብቷል። ለእኔ የመጀመሪያው መለኪያ ይሄ ነው።

የሚቀጥለው ታሪክ ግን መግለጫ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያሳያል። ፖላሮይድ ጫናው ሲበዛበት ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ሠራተኞችን ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከ። በጥር 1971 በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። አፓርታይድን እንደሚጸየፍ በግልጽ ጻፈ። ለመንግሥት በቀጥታ አልሸጥም አለ። የአገሬው አከፋፋይ የጥቁር ሠራተኞችን ደመወዝ እንዲያሻሽል፣ ለትምህርትም ገንዘብ እንዲመደብ አደረገ። ከአገሪቱ ግን አልወጣም። በሚቀጥለው ወር ሃንተር ከሥራ ተባረረች።

ስድስት ዓመት አለፈ። በ1977 ጆሃንስበርግ ካለው አከፋፋይ የወጣ ደረሰኝ ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ እጅ ገባ። አከፋፋዩ ለካ ለአፓርታይድ መንግሥት በድብቅ ሲሸጥ ኖሯል። ዕቃው ለመንግሥት ይሄዳል፤ ሂሳቡ በሌላ ነጋዴ ስም ይወጣል። ፖላሮይድ ያኔ ጠቅልሎ ወጣ።

እስቲ ይህን ቆም ብለን እናስበው። ከ1971 እስከ 1977 ኩባንያው ትክክለኛ አቋም ነበረው። በጋዜጣ የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል አቋም። በእነዚያው ዓመታት ፊልሙ በጓሮ በር መሄዱን አላቆመም። መግለጫው ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። የጻፉት ሰዎች ከልባቸው ሊሆን ይችላል። የሕዝቡ ጫና ግን በመግለጫው ረክቶ ቢቆም ኖሮ ደረሰኙን የሚፈልግ ሰው አይኖርም ነበር።

ከዚህ ቀረብ ያለ ምሳሌ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከአትላንታ ላንሳ። በ2021 የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የምርጫ ሕጉን አጠበቀ። ኮካ ኮላና ዴልታ አየር መንገድ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያው ነው። የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች «ተናገሩ» ብለው ያዟቸው። የሁለቱም ሥራ አስፈጻሚዎች ሕጉ ተቀባይነት የለውም ያሉት ገዥው ከፈረመበት በኋላ ነው። ያኔ መናገር ለሕጉ ምንም አይፈይድለትም። ያኔ በአሜሪካ ሴኔት የሪፐብሊካኖቹ መሪ የነበሩት ሚች ማኮኔል ደግሞ ኩባንያዎች ከፖለቲካ ይውጡ አሉ። ለፖለቲከኞች የሚሰጡትን መዋጮ ግን አላልኩም ሲሉ ጨመሩ። ይህ ንግግር ያሳዝነኛል። ገንዘቡ ለእጩዎች የሚሄድ ኩባንያ ቀድሞውኑ እየተናገረ ነው። የሕዝቡ ጥያቄ «ለማን ስንት ሰጣችሁ?» ቢሆን ከመግለጫ ይልቅ ብዙ ይገልጥ ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2013 መጨረሻ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰር ሊያደርግ ተስማምቶ ነበር። በደሌን በ2011 የገዛው የሆላንዱ ሃይኒከን ነው። ድምፃዊው ስለ አፄ ምኒልክ ተናገረው የተባለ፣ እሱ ግን ያስተባበለው ቃል በፌስቡክ ተሠራጨ። «በደሌን አትጠጡ» የሚል ዘመቻ ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኩባንያው ስፖንሰርነቱን አቋረጠ። ግማሹ ሰው ድል አለው፣ ግማሹ ክህደት።

ቢራ አልጠጣም ማለት የማንም መብት ነው። ስፖንሰር የሚያደርገውን የመረጠው ራሱ ኩባንያው ስለሆነ ጥያቄው ለእሱ መቅረቡም አግባብ ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በመቶ ዓመት ታሪካችን ላይ ያለንን ቁስል ለአንድ ቢራ ጠማቂ ለዳኝነት አቀረብነው። ኩባንያው ስለዚያ ታሪክ ምን ያውቃል? ክርክሩ ያኔም አልተፈታም፣ ዛሬም እዚያው አለ።

ስለ ሠራተኛውም ማሰብ ያስፈልጋል። ኩባንያ ሲናገር በሁሉም ስም ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣ አብረው ምሳ የሚበሉ፣ በአንድ ጉዳይ ግን የማይስማሙ ሰዎች አሉ። እንደኛ ባለ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። አለቃው መግለጫ ባወጣ ማግስት ያልተስማማው ሰው አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ጎረቤት ያለች ሱቅ ወይም ትንሽ ካፌ ደግሞ እጇ በሌለበት ነገር «ለምን ዝም አልሽ?» ስትባል ይበልጥ ያመኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አንዳንዱ ሰው ዝም የሚለው ልጆቹን ለማሳደር ነው። ያንን ማክበር አለብን።

ጫና ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ኢትዮጵያ የተጠቀመችበት ጫና አለ። በ2005 መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ስሙ የእኛ ከሆነ በዋጋው ላይ የመደራደር አቅም ይኖረናል ከሚል ነው። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ ራሱ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት ስም ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ነበር፤ የኢትዮጵያንም መንገድ አልተቀበለም። በ2006 ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ዘመቻ ጀመረ። ከ90,000 በላይ ሰዎች ለኩባንያው መልእክት ላኩ።

ልብ በሉ፣ ሰዎቹ የጠየቁት «ገበሬውን እንወዳለን በሉ» አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል በየካፌው ግድግዳ ላይ ሞልቶ ነበር። የጠየቁት አንድ ፊርማ ነው፤ ስሙ የኢትዮጵያ መሆኑን ተቀብላችሁ ፈርሙ። ፊርማ እንደ መግለጫ ከአንገት በላይ ሊሆን አይችልም። ወይ ይፈረማል ወይ አይፈረምም።

በሰኔ 2007 ስታርባክስ ፈረመ። በስምምነቱ ሦስቱን ስሞች የሚጠቀመው ከኢትዮጵያ ፈቃድ ይዞ ሆነ።