የሚያስተምር የሬዲዮ ድራማ፦ አሠራሩ፣ ታሪኩና ፈተናው

የሚያስተምር የሬዲዮ ድራማ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በተከታታይ የሚተላለፍ ታሪክ ነው። ጉዳዩ የቤተሰብ ምጣኔ ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የሚስት ድብደባ፣ የተቃቃሩ ጎረቤቶችን ማስታረቅም ሊሆን ይችላል። በተለይ የሚጠቅመው መንገድና መብራት እምብዛም በማይደርስባቸው፣ ሰው የራሱን ቋንቋና ወግ ይዞ በሚኖርባቸው ማኅበረሰቦች ዘንድ ነው። ለመስማት ማንበብ አያስፈልግም። ወጥ እየሠሩም፣ ከብት እየጠበቁም ይሰማል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቢቢሲ «ዘ አርቸርስ» የተባለውን የገጠር ድራማ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመላው እንግሊዝ ሲያሰማ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያስከተለው የምግብ እጥረት ገና አላበቃም ነበር። ገበሬው የተሻለ የእርሻ ዘዴ እንዲለምድ ታስቦ ነው የተጀመረው። ድራማው እስከ ዛሬ አልቆመም።

ዘዴው መልክ የያዘው ግን በላቲን አሜሪካ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በፔሩ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚል የቴሌቪዥን ድራማ ይታይ ነበር። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ስፌት ተምራ ኑሮዋን ስትቀይር ያሳያል። ድራማው በታየባቸው አገሮች የስፌት መኪና ገበያ ደራ። ያንን ያስተዋለው ሜክሲኳዊው አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ፣ ሳይታሰብ የመጣውን ውጤት አስቦበት ማምጣት እንደሚቻል ገባው። ሰው ሌላውን ሰው እያየ ይማራል ከሚለው የሥነ ልቦና ሊቅ ከአልበርት ባንዱራ ሐሳብ ተነሣና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ጎልማሶች ትምህርትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ተከታታይ ድራማዎችን ሠራ። አሠራሩ ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካና እስያ ሬዲዮዎች ተሻገረ።

በሳቢዶ ዘዴ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያት አሉ። አንደኛው ወገን መልካሙን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በመጥፎው ይገፋበታል፤ ዋጋውንም ይከፍላል። የነገሩ ሁሉ ልብ ግን ሦስተኛው ነው፤ የሚያመነታው፣ ዛሬ ቆርጦ ነገ የሚመለሰው። አድማጭ ራሱን የሚያገኘው እዚህ ሰው ላይ ነው። ይህ ሰው ባንድ ጊዜ ከተለወጠ ማንም አያምነውም። ስለዚህ ደራሲው ለብዙ ሳምንታት ያንገላታዋል።

በድራማው ውስጥ አንዲት ነርስ ቆማ ለአምስት ደቂቃ ምክር ብትሰጥ አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል። ያንኑ ጉዳይ ጥሩ ደራሲ ምን ያደርገዋል? ለምሳሌ መጀመሪያ የሙቀጫ ድምፅ እናሰማ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ልጅቷን ሊድሯት ነው አሉ?»

«ማን ነገረሽ?»

«አገር ሁሉ ያወራዋል እኮ።»

«ምን ላድርግ፣ ልጄ? አባቷ አንዴ ቃሉን ሰጥቷል።»

እዚህ ላይ ማንም ምክር አልሰጠም። እናትየው ግን ልቧ እንዳልፈቀደ ታወቀ። ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ድረስ ክርክሩን የሚጨርሱት አድማጮቹ ናቸው፤ በቡና ላይ፣ በውኃ መንገድ፣ ባልና ሚስት ማታ ሲጨዋወቱ። የድራማው ትልቁ ሥራ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ስለ ራሱ ቤት ማውራት ቢያፍር እንኳ ስለ እትዬ ዘነቡ ቤት ማውራት አያፍርም።

በእኛ አገር የሚጠቀሰው «የቀን ቅኝት» ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት፣ በዶክተር ንጉሤ ተፈራ መሪነት አዘጋጅቶት ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በአማርኛ ተላለፈ። 257 ክፍል ነበረው። በዚያው ጊዜ «ዲምቢባ» የተሰኘው ድራማ በኦሮምኛ ይተላለፍ ነበር። «የቀን ቅኝት» ላይ ፍቅርተ የምትባል ወጣትና በዙሪያዋ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አንጓች የምትባለው ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ባሏ ወንድ ልጅ ውለጂልኝ ብሎ አሳምኗት አርግዛ ስትሞት አድማጭ ልቡ ተሰበረ። ለዝግጅቱ ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ጎርፈዋል። ጽፎ፣ ቴምብር ገዝቶ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ መላክ በሚጠይቅበት ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ድርጅቱ ከስርጭቱ በኋላ ባደረገው ጥናት፣ ወንድ አድማጮች ካልሰሙት ወንዶች 4 እጥፍ፣ ሴት አድማጮች ደግሞ 3 እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረጋቸውን ገልጿል።

እንዲህ ያለውን ቁጥር ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ሬዲዮ ያለው ሰው ከሌለው ቀድሞውንም ይለያል፤ ትንሽ ገንዘብ፣ ትንሽ ትምህርት፣ ለከተማ ቅርበት ሊኖረው ይችላል። ታንዛኒያውያን ይህን ለመፍታት ብልህ መንገድ መርጠዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. «ትዌንዴ ና ዋካቲ» የተባለውን የስዋሂሊ ድራማ ሲጀምሩ የዶዶማ አካባቢ እስከ 1995 ሳይሰማው እንዲቆይ ተደረገ። ድራማው በተሰማበት የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚው ጨመረ። ዶዶማ ላይ ለውጡ የመጣው ስርጭቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። መጥፎው ገጸ ባሕርይ ምክዋጁ፣ በየመንገዱ ውሽማ የሚይዝ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መጨረሻው ኤድስ ሆነ።

የሩዋንዳው ከሁሉም ይከብዳል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሰው ጎረቤቱን እንዲገድል ሲቀሰቅስ የነበረው ሬዲዮ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው አየር ላይ «ሙሴኬዌያ» የተባለ የዕርቅ ድራማ ተጀመረ። በድራማው ሁቱና ቱትሲ የሚሉት የጎሣ ስሞች አይነሡም። ቡማንዚና ሙሁሙሮ የሚባሉ ሁለት ልብ ወለድ መንደሮች በመሬት ይጣላሉ፤ ከሁለቱ መንደሮች የመጡ ባታሙሪዛና ሼማ ይዋደዳሉ። ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሌቪ ፓሉክ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ይህን፣ ሌሎቹ ደግሞ የጤና ድራማ ለአንድ ዓመት እንዲሰሙ በዕጣ አደረገች። ያገኘችው ነገር ያስደንቃል። ሰዎቹ በልባቸው የሚያምኑት ብዙም አልተለወጠም። በማኅበረሰባቸው ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ ያላቸው ግምት ግን ተለወጠ። የተለየ ሐሳብ ቢኖራቸው መናገር፣ ተባብሮ መሥራትም ጀመሩ።

በፔሩ አማዞን ደግሞ ሚንጋ ፔሩ የተባለ ድርጅት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቢየንቬኒዳ ሳሉድ» የተሰኘ የሬዲዮ ዝግጅት አለው። በሎሬቶ ክልል ወንዝ ዳር ለሚኖሩት ለኩካማና ለሌሎች ነባር ሕዝቦች የሚደርስ ነው። ሴቶች የደረሰባቸውን በደብዳቤ ይጽፋሉ። ደብዳቤው በወንዙ ላይ በምትመላለስ ጀልባ ተጭኖ ኢኪቶስ ከተማ ይገባል። አዘጋጆቹ ከደብዳቤዎቹ ተነሥተው አጫጭር ድራማ ይሠራሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት የራሷን የመሰለ ታሪክ በሬዲዮ ትሰማለች፤ ጎረቤቶቿም አብረው ይሰማሉ። ድርጅቱ ከየመንደሩ ሴቶችን መርጦ ያሠለጥናል። እነሱም ከዝግጅቱ በኋላ ሰው ሰብስበው ያወያያሉ፤ ዓሣ ማርባትና ዛፍ መትከልም ያስተምራሉ።

ይህ የሰው ለሰው ሥራ በብዙ ቦታ ይዘነጋል። በገጠር ቤት ሬዲዮው ብዙ ጊዜ የአባወራው ነው፤ ወደ ማሳ ይዞት ከወጣ ሚስቱ ምንም አትሰማም። ባትሪ ያልቃል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ድራማው «ሄዳችሁ ተመርመሩ» ብሎ ጤና ጣቢያው መመርመሪያ ከሌለው ነው። ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ሁለተኛ አትሄድም፤ ሬዲዮውንም አታምነውም። ዕርዳታ ሰጪው በጀቱን ሲያቆም ድራማው መሀል ላይ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ዓመት የከረመ ሰው እንዲህ ሊጣል አይገባውም።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ዲምቢባ» ከ«የቀን ቅኝት» የተተረጎመ አልነበረም፤ የራሱ ታሪክ ያለው ድራማ ነበር። ትክክለኛው መንገድም ይሄ ነው። ሰው የሚሳደብበት፣ የሚያለቅስበት፣ ሽማግሌ የሚልክበት መንገድ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአርብቶ አደሩ ቤተሰብ ጭቅጭቅ ስለ ውኃና ግጦሽ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ተጽፎ የተተረጎመ የመሬት ውርስ ክርክር አይነካውም። ደራሲውም ተዋናዩም ከዚያው ማኅበረሰብ መምጣት አለባቸው። ከመጻፉ በፊትም ወራት የሚወስድ የመስክ ጥናት ያስፈልጋል፤ ማን ይፈራል፣ ማን ይወስናል፣ ሕዝቡ የማንን ቃል ይሰማል ብሎ መጠየቅ።