የድሮ ቮልስ የኤሌክትሪክ ብልሽት አፈላለግ

የድሮ ቮልስ ኤሌክትሪክ ጥቂት ነገር ነው። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። ስካነር ሰክቶ ኮድ ማንበብ የለመደ ወጣት መካኒክ ቮልስ ሲገባለት መሰኪያውን ፈልጎ ያጣዋል። ባትሪ፣ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ኃይል የሚቆጣጠረው)፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ቦቢና (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው)፣ መብራት፣ ክላክስ። የቀረው ሽቦ ነው። ችግሩም አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዚያው ሽቦው ላይ ነው። ዕቃው ደህና ሆኖ መንገዱ ይበላሻል፤ ማያያዣው ይዝጋል፣ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ማያያዣ) ይላላል፣ ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር አዲስ ሽቦ ይቀጠላል፣ ፕላስተር ይጠቀለላል። ስለዚህ ለክቶ ሳያዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በመጀመሪያ መኪናዋ ስንት ቮልት እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ቮልስ ለረጅም ዘመን በ6 ቮልት ስትሠራ ኖራ፣ ለአሜሪካ ገበያ የምትላከው በፈረንጆቹ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ 12 ቮልት ሆናለች። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ብቻ ግን አያስተማምንም። በኋላ ወደ 12 የተቀየሩ አሉ፤ ባትሪውንም አምፖሉንም ገልጦ ማየት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 36 ዋት የሚበላ መብራት በ12 ቮልት 3 አምፔር ሲስብ፣ በ6 ቮልት 6 አምፔር ይስባል። በዛገ ማያያዣ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ ለ12ቱ ብዙም አይደል፣ ለ6ቱ ግን አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። «የ6 ቮልት መብራት ሻማ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሙት ዝገቱን ነው።

ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወንበሩ የብረት ሞላ አለው፤ ከኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ኮንታክት ይፈጥራል። በዚህ የተነሳ ወንበር ይቃጠላል። የባትሪው መክደኛ ከጠፋ ሌላ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት እሱን መመለስ ይገባል።

ከዚያ ቴስተር፣ ማለትም ቮልትና አምፔር መለኪያው። 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶና አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 14 መጠጋት አለበት። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ፣ መለካት አያዋጣም፤ የድሮ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር እምብዛም አይሞላም። ትራፊክ መብራት ላይ የፊት መብራት ቢደበዝዝ ለዚህች መኪና ተፈጥሮዋ ነው።

ቀይዋ የቻርጅ መብራት ግን የምትናቅ አይደለችም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የተገጠመው ዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጊያ ነው። ሌላ መኪና ላይ ይህች መብራት ስትበራ ባትሪው እስኪያልቅ ቤት መድረስ ይቻል ይሆናል። ቮልስ ላይ ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ የሞተሩ ማቀዝቀዣ አብሮ ቆሟል። ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋትና ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ነው። ሞተሯ ከኋላ ነውና፣ ኋላ ያለውን ኮፈን ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ደግሞ ሞተሪኖ ነው። ጠዋት ግጥም አድርጋ ትነሳለች። መንገድ ከርማ ሞቃ ስትጠፋ ግን ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብላ ዝም። አንዳንዱ ባለቤት ተስፋ ቆርጦ ቁልቁለት እየፈለገ ያቆማታል፤ አዲስ አበባ ቁልቁለት አይጠፋባት። ሌላው ሞተሪኖ ይገዛል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሶሌኖይዱን (ሞተሪኖው ላይ ያለውን የማግኔት ማብሪያ) የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ ከኋላ፣ ከባትሪው ተነስቶ ፊት ለፊት ኳድሮው (ቁልፉ የሚዞርበት ማብሪያ) ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኋላ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ያረጀ ሽቦና የተበላ የኳድሮ ኮንታክት ቮልቱን ይበሉታል። ሞተሪኖው ላይ 50 ቁጥር የተጻፈበት ጫፍ አለ፤ አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ ሲያዞር ሌላው እዚያ ላይ ይለካል። ባትሪው ላይ ያለውና እዚህ የደረሰው በጣም ከተራራቁ መንገዱ ላይ ጠፍቷል። መፍትሔው ንጹሕ ማያያዣ፣ ካልሆነም ሞተሪኖው አጠገብ አንዲት ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የምትከፍት ማብሪያ) ነው።

ያ ካልሆነ ማሳው ይታያል። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት ጎማ ላይ ነው፤ ከሻሲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው ፊት ያለ የተጎነጎነ የማሳ ገመድ ነው። እሱ ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ ካቦ በኩል ያልፋል። ካቦው ግሎ የተጣበቀባቸው ቮልሶች አሉ። ፍሪሲዮኑን የሚፈታ መካኒክ ኤሌክትሪኩን ለምን ይጠረጥራል? አለካኩ ቀላል ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላው የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይደረግና ሰው ቁልፉን ያዞራል። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ማሳው ጋ ነው።

ፊውዞቹ ሁለት ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ሳይቃጠሉም ሊከዱ ይችላሉ፣ ጫፋቸው ይዝጋልና። በጣት ሲዞሩ መብራቱ ከመጣ ማያያዣውን ማጽዳት ይበቃል። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ከተገኘ ግን ከኋላው ያለው ሽቦ ሁሉ ይፈተሽ፤ ፊውዙ ባለመቃጠሉ ሽቦው ቀልጦ ሊሆን ይችላል። በፋብሪካው አሠራር ቡናማ ሽቦ ማሳ፣ ቀይ ቀጥታ ከባትሪ፣ ጥቁር ደግሞ በኳድሮ የሚያልፍ ነው። ሰው የነካካው መኪና ላይ ቀለም አይታመንም።

አዳሩን ባትሪ የሚያልቅበትን ለማወቅ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፣ ቴስተሩ አምፔር ላይ ተደርጎ በተፈታው ገመድና በባትሪው ጫፍ መሀል ይገባል። ሞተር ማስነሳት ግን የለም፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። ሬዲዮ ያልተገጠመላት ቮልስ ዜሮ ማለት አለባት። ካላለች ፊውዝ በየተራ እየተነቀለ ቁጥሩ የሚወርድበት ይታያል። ሁሉም ተነቅለው ካልወረደ የሬጉሌተሩ ኮንታክት ተጣብቆ ባትሪው ወደ ዲናሞው እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ዲናሞውን በእጅ ሲነኩት ሞቅ ይላል።