የአውሮፕላን ቲኬት ገዝተን ልጃችን ለምን ከእኛ ተለይቶ ይቀመጣል?

ቲኬት መግዛትና ወንበር መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በተለይ አሜሪካ ውስጥ «ቤዚክ ኢኮኖሚ» የሚባለውን ርካሽ ቲኬት ስትገዙ ብዙ ጊዜ የከፈላችሁት ለመሄዱ ብቻ ነው፤ ወንበሩን ሲስተሙ ከተረፈው ላይ ያድላችኋል፣ የሚተርፈው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚህም እዚያም የተበታተነ የመሀል ወንበር ነው።

«የአራት ዓመት ልጅ ብቻውን ሊቀመጥ ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከአንድ አዋቂ ጎን ለማስቀመጥ ቃል የገቡት አየር መንገዶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አውጥቷል። ቃሉ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ሁላችሁም በአንድ ቡኪንግ፣ ማለትም አንድ ላይ በተቆረጠ ቲኬት፣ መሆን አለባችሁ፣ ስትገዙም ጎን ለጎን ክፍት ወንበር መኖር አለበት። ደግሞ «አንድ አዋቂ» ነው የሚለው፤ አባትዬው ኋላ ቢጣል ማንም አይጠየቅም።

እኛ ላይ የሚብሰው የስም ነገር ነው። የእናት፣ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሦስት ዓይነት ነው፤ ቲኬቱ ለየብቻ ከተቆረጠ ቤተሰብ መሆናችሁን ማን ያውቃል? ስለዚህ አንድ ላይ ቁረጡ። ካለፈ ደግሞ ቶሎ ደውላችሁ ቡኪንጎቹ እንዲያያዙ ጠይቁ፣ መሳፈሪያው በር ላይ ደርሶ ከመለማመጥ ይሻላል። የድንገተኛ መውጫውን ረድፍ ግን አታስቡት፣ ልጅ እዚያ አይቀመጥም።